አንድ ለቀኝ፣ ሁለት ለግራ

አባቴ መኪና ይቀምስ ነበር።

የሚስቅ ይሳቅ። በስምንት ዓመቴ ይህንኑ ለክፍሌ ልጆች በኩራት ስናገር፣ «አባትሽ ፍየል ነው እንዴ ብረት የሚልሰው?» ያለችኝ ልጅ ነበረች፤ በዕረፍት ሰዓት እሷኑ አፈር አስልሻታለሁ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ሞተሩ እየሠራ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳል፤ ጫፉን ከሚጠረጥረው ብረት ላይ ያስደግፋል፤ እጀታውን በፊት ጥርሶቹ ነክሶ ዓይኑን ይጨፍናል። ሌሎቹ መካኒኮች እጀታውን ጆሯቸው ላይ ነበር የሚለጥፉት። እኔ ታዲያ በልቤ ፈረድኩ፤ እነዚህ ገና ጀማሪዎች ናቸው፣ በጆሮ መስማትማ ማን ያቅተዋል? አጣጥሞ «ይቺ ኩሽኔታዋ አልቋል» የሚል የኔ አባት ብቻ ነው።

ዛሬ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ከአሮጌ መጽሐፍና ከተበላሸ ሞተር ነው የለቀምኩት፤ ሴት መካኒክ አይቶ ፊቱን ያጣመመ ደንበኛም መኪናው ስትነሳለት ፊቱ ይቃናል። እናም አሁን አውቃለሁ። ጆሮ ሲሞት ድምፅ በጥርስ ገብቶ በራስ ቅል አጥንት ይደርሳል። አባቴ መካኒክ ከመሆኑ በፊት አሥራ አራት ዓመት ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። መዶሻው ጆሮውን እንደ ምስጥ በልቶ ጨርሶት ነበር። ያኔ ይህን የሚያውቁት እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ። እኔ አላውቅም ነበር። ሁሉንም አይቼ፣ ሁሉንም ተሳስቼ ነበር የምተረጉመው።

ለምሳሌ እናቴን። እናቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ ለደንበኞቿ ድምጿ ማር ነው። አባቴ በር ሲገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። «እጅህን ታጠብ!» ትጮሃለች። «ራትህ ቀርቧል!» ትጮሃለች። አንዳንዴ ደግሞ ጣሪያው እስኪነቃነቅ፣ «ደህና ዋልክ ወይ!»

ደህና ዋልክ ወይ ብሎ የሚጮህ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት አንገቷን ታሰግጋለች። «እትዬ፣ ትናንትም ጦርነቱ አልበረደም?»

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው፤ እኔ እንደሆንኩ አመሌ ክፉ ነው» ትላለች እናቴ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

አመለኛ መባልን መርጣ የባሏን ሥራ ትጠብቅ ነበር። እኔ ግን የምትጠላው መስሎኝ፣ በጮኸችበት ቁጥር ሄጄ እጁን እይዝለት ነበር። እሱም እጄን ጨምቆ ይስቅልኛል። ያስቀው ምን እንደሆነ እንጃ።

ቀይዋ መኪና የመጣችው ሰኞ ከሰዓት ነው። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ጋራዡ ነበር የምሄደው፤ ደብተሬን አሮጌ ጎማ ላይ ዘርግቼ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ልትስም የጎነበሰች የውድድር መኪና ስትገባ፣ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ሳይቀር መዶሻውን ጣለ። ባለቤቷ አፉን የሸፈነ ጢም ያለው የጥርስ ሐኪም ነው። የጋራዡ አለቃ ራሱ ወጥቶ ተቀበለው።

«ከኋላዋ ታንኳኳለች» አለ ሐኪሙ። «ሁለት ጋራዥ ወስጃታለሁ። አንዱ ምንም የለባት አለኝ፤ ሌላው ልመደው አለኝ። ድንጋይ በረገጠች ቁጥር ከኋላዬ በር የሚመታ ሰው ያለ ይመስለኛል። ዞሬ ዞሬ አንገቴ ሊቀነጠስ ነው።»

«ዶክተር፣ ለዚህ ሰው አለኝ» ብሎ አለቃው አባቴን በእጁ ጠራው።

ሐኪሙ አባቴን ሲጨብጥ አፉን አየ። ሙያ ሆኖበት ይሆናል። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የፊት ጥርስዎ እንዴት እንዲህ ተሸራረፈ?»

አባቴ ጢሙን አየ። ጢሙ ውስጥ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ትንሽ አሰበና፣ «ዓርብ ትደርሳለች» አለ።

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ በኩራት። የማይመለከተውን የጠየቀን ሰው እንዲህ ነው ወደ ጉዳዩ መመለስ! ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም። አባቴን ትክ ብሎ አየውና ቁልፉን በእጁ አኖረለት።

ሐኪሙ ሲሄድ አለቃው አባቴን ትከሻውን ይዞ ወደ መጋዘኑ በር አዞረው። ፊት ለፊት ቆሞ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ቁጥር ጠሪ ተናገረ። እኔ ከጎማው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ስማኝ ወንድሜ። ባለፈው ወር ፍሬኗ የሚያለቅስ መኪና ጨርሻለሁ ብለህ አስረክበህ ሰው ፊት አቃለልከኝ። ስላንተ የሚወራውንም እሰማለሁ። ይህቺን መኪና ዓርብ አንተ ትነዳለህ፤ እኔ ጎንህ እቀመጣለሁ። ከኋላ አንድ ጊዜ ካንኳኳች፣ የመፍቻ ሣጥንህን ተሸክመህ ትሄዳለህ። የትም ጋራዥ ቢጠይቀኝ አልዋሽልህም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጥሩ ምሳ ያልበላ መሰለኝ።

ስለ አባቴ ወሬውን የሚያናፍሰው የጋራዡ ኤሌትሪሺያን ነው። ቶሎ ስለሚቃጠል ፊውዝ ይሉታል። ፊውዝ ከአባቴ ኋላ መቆም ይወድ ነበር። «አያ ግድግዳ!» ይለዋል ከጀርባው፤ «አያ ግድግዳ፣ ምስማር ልምታብህ?» የቀለም ጣሳ ክዳን ሆን ብሎ ሲሚንቶው ላይ ይጥላል። ሁሉም ይደነግጣል፤ አባቴ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

«አባትሽ እኮ ኩሩ ነው» አለኝ ጎሚስታው አንድ ቀን፣ ፊቴን አይቶ። «ለሚጮህ ሁሉ አይዞርም።»

ያቺን ቃል ይዤ አደግኩ። ጎሚስታው ስላዘነልኝ የተናገራት መሆኗን የተረዳሁት ጡት ካወጣሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ከአባቴ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት ሆነችልኝ፤ ሲሰድቡህ አትዙር። ፊውዝ በጮኸ ቁጥር እኔም ጀርባዬን አቀናለሁ።

ማክሰኞ አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። «ጆሮዬ፣ ዛሬ ጨዋታ አለን» አለ።

ሌላው ልጁን ዓይኔ ሲል እሱ ጆሮዬ ይለኝ ነበር። አልጠየቅኩትም፤ እንደሚወደኝ ብቻ ገባኝ። እሱም ውሸት አልነበረም።

ቀይዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት። ከወንበሮቹ ኋላ ለአንድ ሻንጣ የምትበቃ፣ ምንጣፍ የለበሰች ጠባብ ቦታ አለች። እዚያ በጎኔ አስተኛኝ። ምንጣፉ ቤንዚንና አሮጌ ሽቶ ይሸታል። በኋላው መስታወት የሚታየኝ ሰማይና የሚሮጡ የመብራት ምሰሶዎች ናቸው።

«ስታንኳኳ ስሚ» አለኝ። «ከቀኝ ከሆነ ትከሻዬን አንዴ ንኪኝ፤ ከግራ ከሆነ ሁለቴ። እንዳትናገሪ። ከተናገርሽ ጨዋታው ፈረሰ።»

«አንተስ ምን ታደርጋለህ?»

ወደ መንገዱ እያየ ነበር። አልመለሰልኝም። ጨዋታው ተጀምሯል ማለት ነው ብዬ አፌን ያዝኩ።

ኮረኮንቹ መንገድ ላይ ስንወጣ መጣች። *ቋ።* ጆሮዬ ሥር። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሌላ ድንጋይ፤ *ቋ፣ ቋ።* በሩ እንዲከፈትለት የሚለምን ሰው እንጂ መኪና አይመስልም። ከየት እንደሆነ ግን ለመለየት ያስቸግራል፤ ብረቱ ሁሉ ድምፁን ይቀባበለዋል። ቀኝ መስሎኝ አንዴ ነካሁት። አባቴ መኪናዋን አቁሞ ከሥሯ ገባ። የጭስ ማውጫዋን ማሰሪያ አጥብቆ ወጣ። እንደገና ነዳን። *ቋ።* እንደገና ነካሁት።

ረቡዕ ከዕቃ መጫኛዋ የሚወጣውን ሁሉ አወጣ፤ ስኮርታ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ የክሪኩን እጀታ። ባዶዋን ነዳናት። *ቋ።* ሁለቴ ነካሁት። መልሼ አንዴ። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን ጨዋታ ውስጥ «አላውቅም» የሚባል ንክኪ አልሰጠኝም። እሱም በኔ ጣት አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። ፊውዝ ከጀርባው ቆሞ፣ «ልጅየዋ ናት መካኒኳ፤ እሱ ረዳቷ ነው» ሲል ሰዉ ሳቀ። ያን ቀን ከተናገሩት ሁሉ እውነቱ እሱ ነበር።

ውሃ ልጠጣ ወደ ጓሮ ስዞር አባቴን አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ራሱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ጆሮውን በመዳፉ ይመታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ ሌላኛውን። ዓይኑ እርጥብ ነው።

ውሃ ገብቶበት ይሆናል አልኩ። ጆሮዬ ውሃ ሲገባበት እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። «በአንድ እግርህ ዝለል፣ ይወጣልሃል» አልኩት ከኋላው። አልዞረም። ኩሩ ነዋ።

ሐሙስ ዕለት መንዳቱን ትቶ የግራውን የውስጥ ልባስ ገነጠለ። እኔን የኋላ መከላከያዋ ላይ አቆመኝ። «ዝለይ» አለ። «እስክልሽ እንዳታቆሚ።» እሱ በሆዱ ተኝቶ ግማሽ አካሉን መኪናዋ ውስጥ ከተተ። ካቻቢቴውን ነከሰ። ዘለልኩ። መኪናዋ ወርዳ ትወጣለች፤ የአባቴ ጫማዎች ከኔ ጋር ይንቀጠቀጣሉ። ካቻቢቴውን ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው ያዛውረዋል። እግሬ እስኪዝል ዘለልኩ። በመጨረሻ ጫማዎቹ ቀጥ አሉ።

«አቁሚ» አለ። አፉ ውስጥ ብረት ስላለ የታፈነ ነበር። «አገኘኋት። እዚህ ናት። እዚህ ናት!»

የንዝረት ማብረጃው አሞርዛተር የላይኛ ብሎን የሚቀመጥበት ጎሚኒ፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ጎማ፣ ተበልታ አልቃ ነበር። ብረት ከብረት ነበር የሚላተመው። በመዳፉ ላይ አኑሮ አሳየኝ። ከከንፈሩ ደም ይወርዳል፤ እሱ እንኳን አላወቀውም። ሁለት ጋራዥ ጆሮውን ይዞ ያላገኛትን አባቴ በጥርሱ አገኛት። ይህን ዛሬ ስጽፍም ደረቴ ይነፋል። የማይነፋ ካለ እሱ ይሞክረው።

አዲስ ጎሚኒ አስገባ። ልባሱን ሳይመልስ ነዳናት። ኮረኮንቹን ሄድንበት፤ መለስንበት። በጎኔ ተኝቼ ጣቴን አሹዬ ጠበቅኩ። ምንም። ጎማው ድንጋይ ይረግጣል፤ ሰማዩ ይዘላል፤ ከኋላ ግን ጸጥታ ብቻ። አንዴም አልነካሁትም። አባቴ መንገዱ ዳር አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ።

ጋራዥ ስንመለስ፣ ለእርግጠኝነት ብሎ ብሎኑን በአሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻው አንድ ጊዜ ደግሞ አጠበቀው። ልባሱን መልሶ ገጠመ። ሣጥኑን ዘጋ። መፍቻዎቹን አልቆጠረም፤ በሥራ ዘመኑ ሳይቆጥር የዘጋው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ደስታ ሰውን ያዝረከርካል።

ዓርብ ከሰዓት አለቃው ጎኑ ተቀመጠ።

«ልጄን በዚያው ቤት ላድርሳት» አለ አባቴ፣ ወደ ኋላው ቦታ እያመለከተ።

«ትግባ፤ እሷስ ምን ታስቸግራለች» አለ አለቃው።

ገባሁ። አባቴ በመስታወቱ አየኝና ቅንድቡን አነሳ። ጨዋታው ነው። ጣቴን አዘጋጀሁ። የአባቴ ሸሚዝ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ፣ ትከሻው ላይ የእናቴ ስፌት ያለበት ነበር። ከጣቴ አንድ ስንዝር አይርቅም።

አስፋልቱ ላይ ሰላም ነበር። ኮረኮንቹ ላይ ወጣን። የመጀመሪያው ድንጋይ፤ ዝም። ሁለተኛው፤ ዝም። ሦስተኛው ላይ፣

*ቂል።*

የቀድሞዋ አይደለችም። ቀጭን ናት፤ እንደ ማንኪያ። ግን ከኋላ ናት፣ ከግራ ናት፣ ምንም አታጠራጥርም። *ቂል። ቂል፣ ቋ።*

ጣቴ ተነሳ። ሁለቴ፣ ለግራ። ትከሻው ላይ ሊያርፍ ነው።

ከዚያ የአለቃውን ራስ አየሁ። ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ያዳምጣል። እኔም አሰብኩ። እንዴት እንዳሰብኩ ዛሬም አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ፤ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ እወጣዋለሁ። ብነካው አለቃው ያየኛል። መንካት ማለት አንኳኳች ማለት ነው። አንኳኳች ማለት አባቴ ሣጥኑን ተሸክሞ ሄደ ማለት ነው። አባቴ ደግሞ ድምፁን ሰምቶታል፤ እኔ የሰማሁትን፣ የመንገዱ ምሰሶ ሳይቀር የሰማውን፣ እሱ እንዴት አይሰማም? ሰምቶ ነው ዝም ያለው። ጨክኖ፣ ኮርቶ፣ እንዳልሰማ ሆኖ እየነዳ ነው። እና እኔ ልጁ ላጋልጠው?

እጄን ከጭኔ ሥር ከተትኩና ተቀመጥኩበት።

*ቂል፣ ቂል።*

«እህስ?» አለ አለቃው ወደ አባቴ ዞሮ። «ምን ትላለህ?»

አባቴ ፊቱን አየ፤ መስታወቱን አየ፤ እኔን አየ። ትከሻው ላይ ምንም አልነበረም። ፊቱ በርቶ፣ «እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ ብላለች!» አለ።

ያንን ሲል *ቋ* አለች።

አለቃው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ ለመስታወቱ የሚነግረው ይመስል፣ በተራ ድምፅ፣ «ጨርሶ ሞቷል አይደል፣ ጆሮህ?» አለ።

አባቴ ይነዳል። ፈገግ እንዳለ ነው።

«እንዲህ ሆነህ ሰው ብትገጭስ? ፍሬን የበጠሰ መኪና ብታስረክብስ? ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ። ሰማኸኝ?» የአባቴን ፈገግታ አየ። «አልሰማኸኝም።»

ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። አቧራ ገብቶበት ነው አልኩ። ዛሬ እንደማውቀው አብረው ላሜራ ቀጥቃጭ ሆነው የጀመሩ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ያ አቧራ አልነበረም። ያን ቀን ግን ስለ ጆሮው ያለው እንደ ፊውዝ ስድብ መስሎኝ ጠላሁት። በአባቴም እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሥራህን አጣህ ሲሉት እንኳን አይዞርም! ጀርባዬን አቀናሁ።

ቤታችን በር ላይ አባቴ ከመኪናዋ አውጥቶ ወደ ሰማይ ወረወረኝ። «ጆሮዬ! አንዴም አልነካሽኝም! አንዴም!»

እናቴ ክር ከአፏ ሳታወጣ ወጣች። «ተሳካ?» ብላ ጮኸች።

«ተሳካ!»

ጎረቤታችን አንገቷን አሰገገች። «ዛሬስ በምን ተጣላችሁ?»

እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አባቴ እኛን ላለማስጨነቅ የሚተውን መሰለኝ፤ ሁለታችን ምስጢር የተካፈልን መሰለኝ። ጥርሱን እያሳየ ሲስቅ ሲያየኝ እኔም ጥርሴን አሳየሁት። ቅዳሜና እሑድ ቱታውን አጥቦ አሰጣ፤ የጫማውን ክር ቀየረ። እንዴት ያለ ተዋናይ ነው አልኩ።

ሰኞ ጠዋት እያፏጨ ወጣ። ዜማ የሌለው ፉጨት።

የሆነውን ጎሚስታው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገረኝ። አለቃው ፊት ለፊት መንገር አቅቶት ከቢሮው አልወጣም። የላከው ፊውዝን ነው። ፊውዝ በሁሉም ፊት አባቴን አስቁሞ በጣቱ ጆሮውን ጠቆመ፤ እጁን አራገበ፤ ከዚያ በሩን አሳየው። ጋራዡ ውስጥ የሳቀ አልነበረም። አባቴ ካንዱ ወደ አንዱ እየዞረ የሁሉንም አፍ ቢያይ፣ ሁሉም አፉን ዘግቶ ነበር።

ከምሳ በፊት ሣጥኑን ተሸክሞ ተመለሰ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ግድግዳው አጠገብ ተቀመጠ። ሌላ ጋራዥ ጠየቀ፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። እናቴ የምትሰፋው በእጥፍ ጨመረ። መጮኋም ቆመ። ቤታችን ጸጥ ሲል እኔ ደስ አለኝ። በመጨረሻ ታረቁ አልኩ። ጎረቤታችንም «ተመስገን ነው» አለች። የሚደበቅ ነገር ስላለቀ፣ የሚነገርም ነገር ስላለቀ እንደሆነ ማን ይንገረን?

በወሩ የጥርስ ሐኪሙ መጣ። መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶታል። ለአባቴ ብሎ ይሁን ለራሱ እንጃ፤ ዛሬ ለአባቴ ብሎ ነው እላለሁ። እናቴ ወንበር ጠርጋ አቀረበችለት። አልተቀመጠም። አባቴ ፊት በርከክ ብሎ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«መኪናዬን ወደ ሌላ ወስጄ አስፈተሽኩ» አለ፤ ከንፈሩን አጥርቶ፣ ቀስ እያለ። «ግራ ጎኗ ልባስ ውስጥ ይህ ነበር። ሌላ ምንም የለባትም። የሠሩት ሥራ ንጹሕ ነው። የፈተሻት መካኒክ ራሱ፣ ያለቀችውን ጎሚኒ ያገኘ ሰው አዋቂ ነው አለኝ። ለአለቃዎም ነግሬዋለሁ።»

እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ምን አለ? ይመለስ አለ?»

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ። «መፍቻ ሲወድቅ ያልሰማ ሰውማ እንዴት ይመለሳል፣ አለ።»

ጋዜጣው ውስጥ አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ነበር። እጀታው ላይ አባቴ ለምልክት በሞረድ የቆረጣቸው ሦስት መስመሮች አሉ። አባቴ ተቀብሎ አገላበጠው። በአውራ ጣቱ መስመሮቹን ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አነሳ።

«ያን ቀን ታንኳኳ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሰምተሻል?»

ነቀነቅኩ። ያኔ ነው፣ እዚያ ወለሉ ላይ ቆሜ፣ ሐኪሙ ለአባቴ እንዴት እንደተናገረ፣ አባቴም አፉን እንዴት እንዳየ አስተውዬ፣ እናቴ ለምን ስትጮህ እንደኖረች፣ ጨዋታው ምን እንደነበረ፣ ሁሉም በአንዴ እንደ ጣሪያ የወረደብኝ። አንድ ጣት ነበር የፈለገው። ሁለቴ። መንገድ ዳር አቁሞ፣ ልባሱን ከፍቶ፣ መፍቻውን አውጥቶ፣ አለቃውን አስቆ ይመለስ ነበር።

«እና ለምን አልነካሽኝም?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«የሰማህ መስሎኝ ነበር» አልኩት።

ግን ዓይኑን መፍቻው ላይ መልሶት ነበር። ከንፈሬን አላየም። ትንሽ ጠበቀ፣ መልስ እንደሌለኝ ገመተና መፍቻውን ኪሱ ከተተ። ሐኪሙም እናቴም ሰምተዋል። እሱ ብቻ አልሰማም።

እኔም አልደገምኩለትም። ሃያ አንድ ዓመት። በኋላ ከጠርሙስ መጋዘን ሥራ አገኘ፤ ጠርሙስ ሲሰበር የማይሰማ ሰው ተመችቷቸው ይሆናል። እኔን ዳግመኛ ጋራዥ ይዞኝ አልሄደም፤ ትከሻውንም አልነካሁትም። ጋራዤን ስከፍት ግን ሣጥኑን ይዞ መጥቶ ጥግ ላይ አኖረና ተቀመጠ። የምንነጋገረው በጠመኔ ነው፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ጥቁር ላሜራ። «ብሎን አሥራ ሦስት»፤ «ምሳ»፤ «ኩሽኔታው ደርሷል»። ያቺን መልሴን ግን ጽፌለት አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ወጣት ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር መኪና አመጣልኝ። «ከኋላዋ ታንኳኳለች» አለ፤ «ሴትዮ፣ ትችያታለሽ?»

«አንተ መንዳቱን ቻልበት እንጂ» ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩት።

አባቴ ካቻቢቴውን ይዞ ተነሳ። መኪናዋን ዞራት። መዳፉን የኋላ ኮፈኗ ላይ አሳረፈ። ጠመኔውን ያዝኩ፤ «ግራ» ብዬ ልጽፍ ነበር። እጄ ሌላ ጻፈ። *የሰማህ መስሎኝ ነበር።*

አነበበው። ስለ የትኛው መኪና እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሸራፋ ጥርሶቹ በትንሹ ታዩ፤ ሳቅም ለቅሶም አልነበረም። መስማት የተሳነው ሰው ድምፁን አይመጥንም፤ ሹክ ሊለኝ ፈልጎ ጋራዡን ሁሉ አሰማው።

«እኔም የምትነኪኝ መስሎኝ ነበር።»

ላሜራውን በክንዱ ጠረገው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ካቻቢቴውን ነከሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም የኋላ መከላከያዋ ላይ ወጣሁና መዝለል ጀመርኩ።